ጓርኒሲዮን

ከእኔ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጣለች፤
ሁለት በር ፊያት፣ አፍንጫዋ ሾል ያለ፣
ለሩጫ ተሠርታ ለመቆም የኖረች።
ቀይ ነበረች፤ የአዳማ ፀሐይ ልሷት ልሷት
የብርቱካን ልጣጭ አስመሰላት፤
ከኒሙ ሥር ሆና፣ ንፋስ ሸራዋን እየገለበባት።

«ሽጫት» ይለኛል ሽኩር፣ የመለዋወጫው ነጋዴ፣
«በኪሎ ትመዘን እንጂ ይቺ ለመንገድ ናት እንዴ?»
የካርቡሬተሯን ዕቃ ዋጋ ብጠይቀው
ሳቀና ሻይ አዘዘልኝ፤
ሻይ ከታዘዘ፣ ዕቃው የለም ማለት ነው።

እሑድ ጠዋት፣ ንፋሱ ገና ሳይነቃ፣
የአባቴን የወንጂ ፋብሪካ ቱታ ለብሼ፣
እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፌ፣
ኮፈኑን በመጥረጊያ እንጨት ደግፌ
ገባሁባት።
አሥር ቁጥር፣ አሥራ ሦስት፣ አፉ የተበላ ካቻቢቴ፣
ቤንዚን በሳርዲን ቆርቆሮ፣ አሮጌ አንሶላ ከቤቴ።
ብሎኖቹን በወጡበት ተራ ስደረድር
አንዷ አመለጠችኝ፤ ሦስት ጊዜ ነጥራ ዝም አለች።
ከተሰበረ ራዲዮ የወጣ ማግኔት በክር አሥሬ
እንደ ሐዋሳ ዓሣ አጥማጅ ጎንበስ ብዬ ጠበቅሁ፤
ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነክሳ ወጣች።

አዳማ ላይ ካርቡሬተር መክፈት ከንፋስ ጋር መዋዋል ነው፤
ውሉን ሁልጊዜ የሚያፈርሰው እሱ ነው።
ጋራው ላይ ነጫጮቹ ክንፎች ሲያዘግሙ እፈጥናለሁ፤
ሲፈጥኑ አንሶላውን አለብሳታለሁ።

ሕመሟ አንድ ነው፦ ሚኒሞ አትይዝም።
ነዳጅ ሲረግጡላት ታገሣለች፣
እግር ሲያነሡላት ትሞታለች፤
ካልነዘነዙት እንደማይሠራ ባል።
«አየር እየሳበች ነው» ይል ነበር አባቴ፤
በየት በኩል እንደሆነ ሳይነግረኝ ሞተ።

ካርቡሬተሩን ነቅዬ አነሣሁት።
ከሥሩ የወጣው ጓርኒሲዮን የፋብሪካ አልነበረም፤
በምላጭ የተቆረጠ ካርቶን፣ ጥግ ጥጉ የከሰለ፣
አንድ በኩል ተሰንጥቆ አየር የሚያስገባ።
በቤንዚን ጠረግሁት።
ሰባት ጊዜ ስድስት፣ አርባ ሁለት።
ሰባት ጊዜ ሰባት፣ አርባ ዘጠኝ።
ከዚያ ክብ ቀዳዳ፤
ሰባት ጊዜ ስምንትን ሞተሩ በልቶታል።
ገለበጥኩት። በእርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል፣
«ሲት ዘርጋው፣ ሦስተኛ ሐ» ይላል።

ትርሲት ነኝ። «ትር»ን ምላጩ ወስዶታል፤
አሁን ትር የሚለው ልቤ ነው።

ያን ደብተር እኮ ፈልጌዋለሁ!
ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን ላይ፣ ከጎረቤት፤
እትዬ አመለወርቅ በማስመሪያ
መዳፌን አሙቃልኛለች በእሱ ምክንያት።
አባቴ ራት ላይ «ልጅ ዕቃ መያዝ ይልመድ» አለ፣
ጥፍሩ ሥር ግሪስ፣ ፊቱ ላይ ምንም የለ።
ያን ሁሉ ዓመት ወንጂ ደርሶ የሚመለሰው
በእኔ የሒሳብ ደብተር ኖሯል።
እስከ ዛሬ ሰባት ጊዜ ስምንት ሲሉኝ
ምላሴ ይደናቀፋል፤ ለካ እዚህ ነው የተቀበረው።
ልቆጣው ፈለግሁ።
የምቆጣው ሰው የለም። ቱታው አለ፤
እሱንም የለበስኩት እኔ ነኝ።

የሶሬቲ ቦርሳ ሳሎን ወንበር ላይ ነበር፣ ዚፑ ክፍት።
ደብተሯን አየሁት። አላነሣሁትም።
ንፋሱ ኒሙን ሲያንሿሿ ሰማሁ።
አነሣሁት።
የአሁኑ ካርቶን ወፈር ይላል፣ ለሥራ ይመቻል፤
የኋላ ሽፋኑን ብቻ፤ ስሟን አልነካሁም፤
ያን ያህል ከአባቴ ተሽያለሁ።

ተነሣች። እግሬን አነሣሁ። አልሞተችም።
ትር፣ ትር፣ ትር።
እስከ ሶደሬ መገንጠያ ወጣን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣
ፍሬኗን ገና ስላላመንኩት፤
ባጃጆች ጡሩምባ እየነፉ
ለሩጫ የተሠራችውን ጥለዋት አለፉ።

ማታ ሶሬቲ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ዘረገፈች።
«እማ፣ የሒሳብ ደብተሬ ሽፋን...»
ጥፍሮቼን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅሁ።
«ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» አልኳት።
ቀና እንኳ ሳትል መለሰችልኝ።